የመኪና መስታወት አልወጣ ሲል፦ ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት

ባለፈው ሐምሌ ከገላን ወደ ቱሉ ዲምቱ ስመለስ ዝናቡ ሳይታሰብ ወረደ። የሹፌሩን መስታወት ልዝጋ ብዬ ስዊቹን ሳብኩት። ዝም። ደግሜ ሳብኩት። አሁንም ዝም። ቤት ስደርስ ግራ እጅጌዬ ይጨመቅ ነበር። በማግስቱ የወሰድኩበት ጋራዥ «የመስታወቱ ሞተር ተቃጥሏል፣ ይቀየር» አለኝ። ሞተሩ ግን ምንም አልሆነም። ጥፋቱ ስዊቹ ውስጥ ያለች፣ ከጥፍር የማትበልጥ መዳብ ላይ ነበር።

ከተማው ዳር ለምንኖር ሰዎች ይህ ብርቅ አይደለም። በጋውን ሙሉ አቧራ ነው፣ ክረምቱን ደግሞ ዝናብ። የሹፌሩ ስዊች ክንድ ማሳረፊያው ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ስለሚቀመጥ ሁለቱም ይገቡበታል። ስለዚህ ብር ይዛችሁ ሶማሌ ተራ፣ የመለዋወጫ ገበያው፣ ከመውረዳችሁ በፊት ችግሩ የት እንዳለ ለዩ።

ሁሉም አንድ ላይ ሲቆሙ

የሹፌሩን ጨምሮ አንዱም ካልሠራ መጀመሪያ ፊውዙን እዩ። በብዙ አሮጌ መኪኖች 20 ወይም 30 አምፔር ነው። ከተቃጠለ በዚያው ቁጥር ቀይሩት። በሽቦ ወይም በሲጋራ ወረቀት ማገናኘት በሩ ውስጥ ያለውን ገመድ ያቃጥላል፣ እባካችሁ አታድርጉት። አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ የሆነ ቦታ የተላጠ ሽቦ ከቦዲው ጋር እየተነካካ ነው።

የሹፌሩ እየሠራ ሌሎቹ ከቆሙ ግን ሹፌሩ ጋ ያለውን፣ የሌሎቹን መስታወት የሚቆልፈውን ቁልፍ (በተን) ተመልከቱ። ልጆች ወይም አጣቢዎች ይነኩትና እንደተጫነ ይቀራል።

አንዱ ብቻ ሲያስቸግር

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በአብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች የመስታወቱ ሞተር ሁለት ሽቦ ብቻ አለው። አንዱ ሽቦ 12 ቮልት ሲያገኝ ሌላው ማሳ (ነጌቲቭ) ላይ ይሆናል፣ መስታወቱ ይወጣል። ሲገለበጥ ይወርዳል። ይህን የሚገለብጠው ስዊቹ ነው። በአብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች የጋቢናውና የኋላው መስታወት ማሳ የሚያገኘው ሹፌሩ ጋ ባለው ማስተር ስዊች በኩል ነው። ስለዚህ የኋላው በር መስታወት ሲቆም ጥፋቱ ሹፌሩ ጋ ሊገኝ ይችላል። የኋላውን ስዊች ገዝቶ ቀይሮ «አሁንም ያው ነው» የሚል ሰው ብዙ አይቻለሁ።

መለያው ቀላል ነው። መስታወቱን ከሁለቱም ቦታ ሞክሩት። ከራሱ በር እየሠራ ከሹፌሩ ጋ እንቢ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ማስተር ስዊቹ ነው። ከሹፌሩ ጋ እየሠራ ከራሱ በር እንቢ ካለ የራሱ ስዊች ነው። ከሁለቱም እንቢ ካለ የሁለቱን የኋላ በሮች ስዊች አለዋውጡ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው። ችግሩ ከስዊቹ ጋር ከሄደ አገኛችሁት።

የሹፌሩ መስታወት ሌላ ስዊች ስለሌለው እንዲህ አይሞከርም። ለእሱ ማታ የመኪናውን ሞተር ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ክፈቱና ስዊቹን ስትጫኑ የዳሽቦርዱን መብራት እዩ። ደብዘዝ ካለ ኃይል የመስታወቱ ሞተር ጋ እየደረሰ ነው፣ ስዊቹን ተዉት። ወይ ሞተሩ ደክሟል፣ ወይ መስታወቱ የሚሮጥበት ጎማ ደርቆ ይዞታል። ጎማው ላይ ሲሊኮን ንፉ። መብራቱ ንቅንቅ ካላለ ግን ኃይሉ ከሞተሩ በፊት ቀርቷል።

በሩን ስትከፍቱና ስትዘጉ አንዴ የሚሠራ አንዴ የሚተው ከሆነ ሽቦው በሩና ቦዲው መሃል ባለው የጎማ ቱቦ ውስጥ ተበጥሷል። ቱቦውን ገልጣችሁ እያንዳንዱን ሽቦ ሳብ ሳብ አድርጉት። የተበጠሰው ተከትሏችሁ ይመጣል።

በቴስተር (ቮልት መለኪያ) ብቻ አትተማመኑ። የቆሸሸ መዳብም ኃይል የሚጠቀም ነገር ካልተገናኘበት 12 ቮልት ያሳያል። የሞተሩን ሶኬት ንቀሉና የፍሬን መብራት አምፑል አገናኙበት። ስዊቹን ስትጫኑ ቦግ ካለ ስዊቹ ጤነኛ ነው፣ ከደበዘዘ ኃይሉ መንገድ ላይ እየቀረ ነው።

ስዊቹን መክፈት

የባትሪውን ነጌቲቭ ፍቱ። የካቻቢቴውን ጫፍ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ስዊቹን ከማሳረፊያው አንሱ። ስትከፍቱት ፎጣ ላይ ይሁን። ውስጡ ያሉት ትናንሽ ሞላዎች ይስፈነጠራሉ፣ እኔ አንዷን ከሶፋ ሥር ፈልጌ ያገኘሁት በስልክ መብራት ነው። መዳቦቹ እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቁረው ነበር። ጥቁሩ የሚመጣው ስዊቹ በተነካ ቁጥር ከሚፈነጥቀው ብልጭታ ነው። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ቀስ ብላችሁ ፈትጉ። ከላይ ስስ የብር ሽፋን ሊኖረው ስለሚችል አትብሉት። ከዚያ በአልኮል ጠርጉና አድርቁ። ፕላስቲኩ ቀልጦ ካገኛችሁት አትጠግኑት፣ ቀይሩት።

ስዊቹ ስለተንቀራፈፈ ብቻ ደብሊው ዲ 40 ወይም ሌላ ቅባት የምትነፉበት ግን ተዉ። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ 7.4 ሚሊዮን መኪኖችን በሾፌሩ በር ስዊች ምክንያት ለምርመራ ጠርቷል። ፋብሪካ ላይ ቅባቱ በእኩል አልተቀባም ነበር። ገበያ ላይ የሚገኝ ቅባት ከተጨመረበት ስዊቹ ሊቀልጥ እንደሚችልም አብሮ አስጠንቅቋል። በ2015 ደግሞ በዚሁ ስዊች ሌላ 6.5 ሚሊዮን ጠራ። ያሪስና ኮሮላ በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ስዊቹ የፕላስቲክ ቃጠሎ ከሸተታችሁ ወይም ከጋለ በዚያው ቀን አስፈትሹት።

መስታወቱ ወርዶ ከቀረና ማደሪያችሁ ውጪ ከሆነ የበሩን ልባስ አውልቁ፣ ሶኬቱን ከሞተሩ ንቀሉ፣ ከ12 ቮልት ባትሪ ሁለት ሽቦ በፊውዝ አድርጋችሁ ለሞተሩ ስጡት። ወደ ታች ከሄደ ሽቦዎቹን አገለባብጡ። ልባሱን ስትመልሱ ከሥሩ ያለውን ላስቲክ በደንብ ለጥፉት። በመስታወቱ በኩል በሩ ውስጥ የሚወርደውን ውሃ ወደ ጋቢናው እንዳይገባ የሚያግደው እሱ ነው።