ዊንዶውስን ከነፕሮግራሙ ከሃርድ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ ማዛወር

የቆየ ላፕቶፕ ሲንቀራፈፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎትተው ሃርድ ዲስኩ ነው። ዊንዶውስን እንደ አዲስ ሳይጭኑ፣ ፕሮግራሙንም ፋይሉንም እንዳለ ወደ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ክፍል ወደሌለው ፈጣን ዲስክ፣ መገልበጥ ይቻላል። ቅጂው ራሱ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው፤ ሥራው የሚበላሸው ከቅጂው በፊት በተዘለለ ነገር ወይም ኮምፒውተሩ በአዲሱ ዲስክ መጀመሪያ ሲነሳ ነው።

ሃርድ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ በአብዛኛው የሚቀበለው 2.5 ኢንች፣ 7 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን የሳታ (የተለመደው የዲስክ ማገናኛ) ኤስኤስዲ ነው። ኤም.2 የሚባለው ቀጭኑ ዓይነት ሳታም ኤንቪኤምኢም (ከሳታ የሚፈጥነው ሌላ ማገናኛ) ሊሆን ስለሚችል የኮምፒውተሩን መመሪያ ሳታዩ አትግዙ። ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን መጠኑ ላይ ነው። «500 ጊጋ» የተባለው ሃርድ ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 465 ሆኖ ይታያል፤ «480 ጊጋ» የተባለው ኤስኤስዲ ደግሞ 447 ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም አንዳንድ የመቅጃ ፕሮግራሞች ተቀባዩ ዲስክ በጥቂቱ እንኳ ካነሰ እምቢ ይላሉ። 500 ወይም 512 ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ። ዋጋው ከልክ በላይ የረከሰ «2 ቴራባይት» ሲያጋጥማችሁ ደግሞ አትጓጉ፤ ውስጡ ትንሽ ሆኖ ለኮምፒውተሩ ትልቅ ነኝ የሚል አስመስሎ የተሠራ አለ።

ከዲስኩ ሌላ ከሳታ ወደ ዩኤስቢ የሚያገናኝ ኬብል፣ 4 ጊጋ ፍላሽና ትንሽ ካቻቢቴ ይበቃል። ኬብሉን ዩኤስቢ 3 ላይ ሰኩት። 150 ጊጋ ዳታ በዩኤስቢ 2 ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ በዩኤስቢ 3 ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው።

ከቅጂው በፊት የአሮጌውን ዲስክ ጤንነት ክሪስታልዲስክኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም እዩ። ቢጫ ሆኖ «ኮሽን» (ጥንቃቄ) ካለ ዲስኩ እየሞተ ሊሆን ስለሚችል ፎቶና ሰነዶቻችሁን መጀመሪያ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ቀጥሎ በሴቲንግስ ውስጥ ዲስኩን በምስጢር የሚቆልፈው ቢትሎከር ወይም «ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን» በርቶ እንደሆነ አረጋግጡና አጥፉት፤ ዲስኩን ፈትቶ እስኪጨርስም ጠብቁ። ካልጠፋ መቅጃው ባዶውን ቦታ ሳይቀር ለመገልበጥ ይገደዳል። በመጨረሻ ከኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ «ፋስት ስታርትአፕ»ን አጥፉ። እሱ በርቶ ሳለ ዊንዶውስ «ጠፋሁ» የሚለው ግማሹን አንቀላፍቶ ነው፤ ስለዚህ መቅጃው ዲስኩ ገና በሥራ ላይ እንዳለ ቆጥሮ ይቆማል።

ለመቅዳት ሬስኪውዚላ የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፣ በመዳፊትም ይሠራል። ባሌናኤቸር በሚባል ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጻፉትና ኮምፒውተሩን በፍላሹ አስነሱ፤ ዴልና ሌኖቮ ላይ በአብዛኛው ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 መጫን ነው። «ክሎን» የሚለውን ምረጡ፣ መጀመሪያ ምንጩን፣ ቀጥሎ ተቀባዩን። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። አቅጣጫው ከተገለበጠ ባዶው ዲስክ በሙሉው ላይ ይጻፍና ሁሉም ነገር ይጠፋል፤ ሁለቱን በሞዴል ስማቸውና በመጠናቸው ለዩ። ፓርቲሽኖቹን (የዲስኩን ክፍልፋዮች) በሙሉ ምረጡ። «ሲ ብቻ ይበቃኛል» ያለ ሰው 100 ሜጋባይት አካባቢ የሆነችውን፣ የማስነሻ ፋይሎች ያሉባትን የኢኤፍአይ ፓርቲሽን ጥሎ ይሄዳል፤ ያለ እሷ ደግሞ ዊንዶውስ አይነሳም።

አዲሱ ዲስክ ካነሰ የአምራቹ ፕሮግራም ይሻላል። ሳምሰንግ የራሱ አለው፤ ክሩሻል፣ ዌስተርን ዲጂታልና ኪንግስተን ደግሞ አክሮኒስ የሚባለውን መቅጃ ያቀርባሉ። ዳታው ከአዲሱ ዲስክ በታች እስከሆነ ድረስ ፓርቲሽኑን አጥብበው ይገለብጣሉ።

መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ አሮጌው ዲስክ የሚነበብ ብቻ ስለሆነ አይጎዳም፤ ቅጂውን ግን ከሀ መጀመር ነው። የላፕቶፑ ባትሪ ደካማ ከሆነ መብራት የተረጋጋበትን ሰዓት ምረጡ።

ሲያልቅ ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪውን አላቁ፣ አሮጌውን አውጥታችሁ ኤስኤስዲውን በቦታው ግጠሙ። ሁለቱን አንድ ላይ ሰክታችሁ አታስነሱ፤ መለያ ቁጥራቸው አንድ ስለሆነ ዊንዶውስ አንዱን ሊዘጋው፣ ወይም ሳታውቁ በአሮጌው ሊነሳ ይችላል።

«ቡት ዲቫይስ የለም» ካለ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ቅንብር) ውስጥ የማስነሻው ዘዴ፣ ዩኢኤፍአይ ወይም ሌጋሲ፣ እንደ ቀድሞው መሆኑን አረጋግጡ። በሰማያዊ ስክሪን «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» ከመጣ ደግሞ እዚያው ባዮስ ውስጥ የሳታው ሁነታ ከኤኤችሲአይ ወደ ሬይድ ወይም በተቃራኒው ተቀይሮ ይሆናልና መልሱት። ከሳታ ወደ ኤንቪኤምኢ የተዛወረ ከሆነ አንድ ጊዜ በሴፍ ሞድ (አስፈላጊው ብቻ በሚነሳበት ሁነታ) ማስነሳት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

የተረፈው ባዶ ቦታ በዲስክ ማኔጅመንት ወደ ሲ አልጨመር ካለ የሪከቨሪ ፓርቲሽኑ መሃል ገብቶ ነው። ሬስኪውዚላ ፍላሽ ላይ ባለው ጂፓርትድ በሚባል የፓርቲሽን ማስተካከያ ወደ መጨረሻው ግፉትና ሲን አስፉት። «ዲፍራግመንት ኤንድ ኦፕቲማይዝ» ውስጥ ዲስኩ «ሶሊድ ስቴት ድራይቭ» ተብሎ መታወቁንም ተመልከቱ። አሮጌውን ዲስክ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ፎርማት አታድርጉት።