የኋላ ጎማ አላይመንትን በሲባጎ ለመኪና ውድድር ትራክ ማስተካከል

መኪናው ፍሬን ተይዞ ጥምዝ ሲገባ ኋላው የሚዋልል ከሆነ፣ ሞላና ሾክ ለመቀየር ከመሮጣችሁ በፊት የኋላ ጎማዎቹን አቅጣጫ ለኩ። ለዚህ ሲባጎ፣ ሜትር፣ ቱንቢና ግማሽ ቀን ይበቃል። የአላይመንት ማሽን ያለው ጋራዥ ብትሄዱም፣ ካልነገራችሁት በስተቀር ለመንገድ የተቀመጠውን ልክ ነው የሚሞላላችሁ። የትራኩ ልክ ሌላ ነው።

መጀመሪያ መኪናችሁ የሚስተካከል መሆኑን አረጋግጡ። የቪትዝ የኋላ እግር ግራና ቀኙን የሚያያይዝ አንድ ወጥ ብረት ስለሆነ ፈትታችሁ የምታዞሩት ነገር የለም። ቶዮታ 86 ግን ለቶ (ጎማው ከላይ ሲታይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ለሚዞርበት ልክ) ማስተካከያ መሃሉ የተዛነፈ ካም ቡሎን አለው። ካምበሩን (የጎማውን አናት ማዘንበል) ለመለወጥ ግን ርዝመቱ የሚስተካከል የታችኛ ብራቾ (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዝ ክንድ) መግዛት ግድ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለእንዲህ ዓይነቱ፣ ባለ 17 ኢንች ቸርኬና በኋላ ጎማ ለሚነዳ መኪና መነሻ ናቸው።

ቶ-ኢን ማለት ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ ከፊት በኩል መቀራረባቸው ነው፤ ቶ-አውት ተቃራኒው። የጎማው አናት ወደ መኪናው ሲያዘነብል ደግሞ ኔጋቲቭ ካምበር ይባላል።

ጅማ ላይ ትልቁ ራስ ምታት ወለል ነው። ኮብልስቶኑ ወጣ ገባ ነው፤ የግቢው ሲሚንቶም የዝናቡ ውሃ እንዲወርድ ተብሎ ያዘነበለ ነው። በ1.5 ሜትር ስፋት ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝቅታ ካለ የካምበር ንባባችሁ በ0.4 ዲግሪ ገደማ ይሳሳታል። ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ውሃ የሞላ ግልጽ ቱቦ ዘርግታችሁ አራቱን የጎማ መቆሚያዎች አስተያዩ፤ ዝቅ ያለው ላይ ላሜራ ደርድሩ። ከየኋላ ጎማው ሥር ደግሞ በመካከላቸው ግራሶ የተቀባ ሁለት ላሜራ አድርጉ። ያለዚያ ጎማው ወለሉን ነክሶ ስለሚይዝ ቡሎኑን ብታዞሩም በነፃነት አይንቀሳቀስም።

ክረምት ላይ ከሆነ ቸርኬው ውስጥ የደረቀውን ቀይ ጭቃ ፋቁ። ባላንስ አበላሽቶ መኪናውን የሚያንቀጠቅጠው ጭቃው ሆኖ ሳለ ስሙ የሚነሳው አላይመንት ነው። ከዚያ በክሪክ አንስታችሁ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁ፤ ኩሽኔታው ከተጫወተ ወይም የብራቾው ጎሚኒ (መጋጠሚያው ላይ ያለው ላስቲክ) ከተሰነጠቀ መጀመሪያ ይቀየር። በላላ ጎሚኒ ላይ የተሞላ ቶ ፍሬን ሲያዝ ራሱን ይቀይራል። የግራና የቀኝ ጎማ ንፋስ እኩል፣ ነዳጁ ግማሽ ይሁን። መንጃ ወንበሩ ላይ የሹፌሩን ክብደት የሚያህል ነገር ጫኑ፤ እዚህ 60 ኪሎ የቡና ጆንያ አይጠፋም።

አሁን ከመኪናው የሚሰፉ ሁለት ቱቦላሬዎች ወስዳችሁ በሁለቱም ላይ በእኩል ርቀት ምልክት አድርጉ። አንዱን ከፊት፣ ሌላውን ከኋላ በጎማው መሃል ከፍታ አስቀምጡና በምልክቶቹ ላይ ግራና ቀኝ ሲባጎ ወጥሩ። ከሲባጎ እስከ ጎማው መሃል ያለው ርቀት ግራና ቀኝ እኩል እስኪሆን ቱቦላሬዎቹን አንሸራቱ። የፊተኛው ርቀት ከኋለኛው ጋር እኩል ላይሆን ይችላል፣ አያስጨንቅም።

ከሲባጎው እስከ ቸርኬው የፊት ጠርዝና እስከ የኋላ ጠርዙ ለኩ። የፊቱ ከበለጠ ቶ-ኢን ነው፤ 1 ሚሊ ሜትር 0.13 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ለካምበር ቱንቢ ከፓራፋንጎው አንጠልጥላችሁ እስከ ላይኛውና እስከ ታችኛው ጠርዝ ለኩ። የላይኛው ከበለጠ ኔጋቲቭ ነው፤ 8 ሚሊ ሜትር 1 ዲግሪ ማለት ነው።

ቅደም ተከተሉ የመኪናው ከፍታ፣ ካምበር፣ በመጨረሻ ቶ ነው። ካምበር ሲነካ ቶ ስለሚቀየር ቶን ያስቀደመ ሁለቴ ይሠራል። ካምበሩን ከኔጋቲቭ 1.5 እስከ 2 ዲግሪ፣ ቶ-ኢኑን በየጎማው 1 ሚሊ ሜትር አድርጉ። የካም ቡሎኑን የቀድሞ ቦታ በቀለም ምልክት አድርጋችሁ ዳዶውን አላሉ፣ ትንሽ አዙሩ፣ የመኪናውን ኋላ ደጋግማችሁ ተጫኑና እንደገና ለኩ። ድምሩ 2 ሚሊ ሜትር ሆኖ አንዱ ጎማ 2 ሌላው 0 ከሆነ መኪናው በጎኑ ይሄዳል፤ ቀጥ ለማለትም መሪው መጣመም ይኖርበታል። ከቁጥሩ ይልቅ የግራና የቀኝ እኩልነት ይበልጣል።

ዳዶውን የምታጠብቁት መኪናው በጎማው ቆሞ ነው። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ጎሚኒው ተጠማዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። በማኑዋሉ ልክ በቶርክ ቁልፍ ካጠበቃችሁ በኋላ እንደገና ለኩ፤ ሲጠብቅ ካሙ ይንሸራተታል።

ቶ-አውት ኋላውን ቀልጣፋ ያደርገዋል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፣ ግን ፍሬን ተይዞ ክብደቱ ወደ ፊት ሲሄድ ኋላው ያመልጣል። ሙከራው በዝግ ትራክ ብቻ ይሁን። በዚሁ መኪና የግቤን ቁልቁለት ወርዳችሁ አዲስ አበባ የምትመላለሱ ከሆነም ቶ-አውትን እርሱት። ጎማ በመብላትም ቢሆን የበዛ ቶ ከካምበር ይብሳል።

ትራኩ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት በጎማው ትከሻ ላይ በጠመኔ ወደ ጎን የሚወርድ መስመር አስምሩ። ከጥቂት ዙር በኋላ ጠመኔው በውጭው ትከሻ በጣም ዝቅ ብሎ ከጠፋ፣ ንፋሱ ልክ መሆኑን አይታችሁ ካምበር ጨምሩ። ከጥምዝ ወጥታችሁ ነዳጅ ስትሰጡ የኋላ ጎማ ሳይቆነጥጥ በባዶው የሚሽከረከርና ውስጠኛው ጠርዝ ብቻ የሚበላ ከሆነ ግማሽ ዲግሪ ቀንሱ። በዝናብም እንዲሁ ቀንሱ። ስትመለሱ የካም ቡሎኑን የቀለም ምልክት እዩ፤ ከቦታው ከተዛነፈ ዳዶው ላልቷል።