ሥዕል እምቢ ሲላችሁ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ በኋላ ሰባት ወር ሙሉ አንድም ሥዕል አልጨረስኩም። አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፤ ሳሎኑን ለሁለት ከፍዬ በመስኮቱ በኩል ያለውን ስቱዲዮ አድርጌዋለሁ። ትልቅ ሸራ ወጥሬ፣ ጀሶ ቀብቼ፣ ግድግዳው ላይ አስደግፌ ነበር። ጠዋት ቡና አፍልቼ ፊቱ እቀመጣለሁ። አየዋለሁ። ከዚያ ስልኬን አነሳና የሌሎችን ሥዕል ሳይ ምሳ ሰዓት ይደርሳል። ነገሩ የጀመረኝ አንድ ደንበኛ ያዘዘኝን ሥዕል «ያሰብኩት እንዲህ አልነበረም» ብሎ ከመለሰብኝ ወዲህ ነው። የመለሰው ሥዕሉን ነበር፤ እኔ ግን እጄን የመለሰብኝ ያህል ተሰማኝ።

ከዚያ የወጣሁበትን መንገድ ለጓደኞቼ በአፍ ስነግራቸው ኖሬያለሁ፤ አሁን ልጻፈው።

መጀመሪያ ሸራውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሩት። ባዶ ሸራ በየቀኑ ሲታይ ዕዳ ይመስላል፤ ዕዳ የሚያይ ሰው ደግሞ ከቤት መውጣት እንጂ መሥራት አያምረውም። ከዚያ ሐሳብ መጠበቁን ተዉትና ለእጃችሁ ሥራ ስጡት። ሥራው ሥዕል መሆን የለበትም። ለሥዕል የሚሆን ነገር ማዘጋጀት ይበቃል። የእኔው ቀለም መሥራት ሆነ።

ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። በዚህ ሰፈር ቀይ አሽ፣ ማለትም ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ የጫኑ ሲኖትራኮች ይመላለሳሉ፤ ከጭነታቸው የሚንጠባጠበው አስፋልቱ ዳር ይቀራል። አንድ ቀን ዳቦ ገዝቼ ስመለስ አንዷን ጠጠር አንስቼ ሳሻት ጣቶቼ ቀሉ። ቆሜ ጣቶቼን አየሁ። ያ ቅላት የዛገ ብረት ነው፤ ከሱቅ በቱቦ የምንገዛው አፈርማ ቀይ ቀለም ውስጥ ያለውም እሱው ነው። ዳቦውን ይዤ፣ በሌላኛው እጄ አንድ ፌስታል ቀይ አሽ ተሸክሜ ገባሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቀይ አሽ ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ ስለሆነ በሙቀጫ ይደቃል፤ ለበርበሬ በምትወቅጡበት ሙቀጫ ግን አይሁን። ብናኙ ለሳንባ አይበጅም፤ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ውሃም እያርከፈከፋችሁ ውቀጡ። የደቀቀውን ባልዲ ውስጥ በብዙ ውሃ በጥብጡና እስከ አሥር ቁጠሩ። ሻካራው ወዲያው ይዘቅጣል፣ ደቃቁ ውሃው ላይ ይቆያል። ያን ቀይ ውሃ ቀስ ብላችሁ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡት፤ የዘቀጠውን መልሳችሁ ውቀጡ። የተገለበጠውን ሳትነኩ አሳድሩት። ጠዋት ልክ እንደ ሊጥ አቅርሮ ታገኙታላችሁ። ያቀረረውን ውሃ ድፉትና ከሥር የቀረውን ለስላሳ ቀይ ጭቃ በአሮጌ ነጠላ አጥልሉት። በጣት ስታሹት ጭራሽ የማይቆረቁር ከሆነ ደርሷል። ከቆረቆረ ድገሙት፤ እኔ ሦስቴ ደግሜዋለሁ።

ማጣበቂያው የእንቁላል አስኳል ነው። ከነጩ ለዩት፣ ከአንዱ መዳፍ ወደ ሌላው እያገላበጣችሁ እርጥበቱን አስለቅቁት፣ ሽፋኑን በመርፌ ወግታችሁ ውስጡን ብቻ ሲኒ ላይ አፍስሱ። ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምሩና ከጭቃው ጋር እኩል በእኩል አዋህዱ። የዕለቱን ብቻ ነው የምታዋህዱት፤ ካደረ ይሸታል። የእንቁላል ቀለም ለጣውላና ለችፑድ እንጂ ለሸራ አይሆንም፣ ሸራው ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ለሸራ፣ ወይም እንቁላል ለቀለም ማዋል ሲከብዳችሁ፣ የአናጺ ኮላ በውሃ አቅጥኑ። ከኮዬ በኩል ያመጣሁትን ጥቁር ዋልካም ሞክሬዋለሁ። ዋልካ ሲደርቅ ይኮማተራልና ሥዕሉ እንደ በጋ ማሳ ተሰነጣጠቀብኝ። ለጥቁር የምድጃ ከሰል ይሻላል።

ይህ ሁሉ ሦስት ቀን ይፈጃል። በሦስቱ ቀን «ምን ልሣል?» ብሎ የሚጠይቃችሁ የለም። ቀለሙ ሲደርስ እጅ ራሱ ልሞክረው ይላል።

ሲሞከር ግን ትንሽ ነገር ላይ ይሁን። ምድር ቤት ካለው የቤት ዕቃ መሥሪያ የችፑድ ቁራጭ ለምኜ በመዳፍ ልክ አስቆረጥኩ። በቀይና በጥቁር ብቻ፣ በቀን አንድ፣ ሃያ ቀን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ሣልኩ፤ እኛ ደረጃ ላይ ውሃ ሲጠፋ የሚደረደሩትን ጀሪካኖች። የምትመርጡት ነገር በየቀኑ ደጃችሁ ላይ ያለ ይሁን፤ ቆንጆ እንዲሆን አትፈልጉ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ሥራዎች የሞቱ ነበሩ። በስድስተኛው ቀን ጀሪካኑን ትቼ በእጀታው ውስጥ የሚታየውን ክፍተት መሣል ጀመርኩ፤ ከክፍተቱ ባሻገር ያለው የደረጃ ብርሃን ከዕቃው ይልቅ ቅርጽ ነበረው። አንደኛው ጀሪካን ክዳኑ ጠፍቶ በፌስታል የተወተፈ ነው። የጎረቤቴ እናት በራፌ ላይ ቆመው ቁራጯን አዩና «አንቺ ልጅ፣ ይሄ'ኮ የኔው ነው! ውታፉን አውቀዋለሁ» አሉኝ። ሰባት ወር ሙሉ ከየትም ያላገኘሁትን ደስታ ያኔ አገኘሁት።

እሱም ካልሠራላችሁ ቅዱ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን የተማሩት የቀደመውን በመቅዳት ነው፤ ጻድቁን ሙሉ ፊቱን በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በጎኑ በአንድ ዓይን አድርጎ መሣሉ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር የወረደው እንዲህ እየተቀዳ ነው። የምትወዱትን አንድ ሥዕል ለሳምንት ቅዱ፤ ለመሸጥ ሳይሆን ሠዓሊው የት ላይ እንደቸኮለ፣ የት ላይ እንደቆየ ለማወቅ። የምትሥሉበትን ገጽ መለወጥም ይረዳል። ሠዓሊው ዘሪሁን የትምጌታ ከሸራ ወጥቶ በቀርከሃ ላይ በመሣል ይታወቃል፤ ቀርከሃ ደግሞ ጠባብና ረጅም ስለሆነ ብሩሽን በራሱ መንገድ ይመራል።

ስልኩን ከምሳ በፊት አትክፈቱ። በዚህ አልደራደርም።

አንድ ነገር ግን ለዩ። እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ሥዕል ብቻ ሳይሆን ሰውም ካስጠላችሁና ሳምንታት ከተቆጠሩ፣ ነገሩ የሥዕል አይደለም። ሐኪም ጋ ሂዱ። እስከዚያ ብሩሹ ይጠብቃል።

ትልቁን ሸራ ያዞርኩት ሃያዎቹን ቁራጮች ወለሉ ላይ ደርድሬ ካየኋቸው በኋላ ነው። አሁን ጀሪካኖች አሉበት፤ ገና አላለቀም።

ቀይ አሽ የምትለቅሙ ከሆነ ግንቦት ሳያልቅ ይሁን፤ ክረምቱ ከገባ ጭቃው አይደርቅም። ጣሳው ውስጥ የቀረውን ቀለም እንቁላል ሳትጨምሩበት ጀርባው ጠፍጣፋ ሳህን ላይ አድርቁና ዱቄቱን በብልቃጥ ክደኑት። ከየት እንደለቀማችሁትም ጻፉበት፤ ከመንገዱ ዳር ያነሳሁትና ከኮረብታው ግርጌ ያነሳሁት ሁለት የተለያየ ቀይ ነው የወጣቸው።