ክረምት ላይ የቤት ውስጥ ቀለም ለምትቀቡ የደሴ ልጆች

ነሐሴ ሲጋመስ ሁሉም ሰው ቤቱን ለእንቁጣጣሽ ላሳምር ይላል፣ ችግሩ ደሴ ላይ ነሐሴ ማለት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢ ውስጥ የሚያድርበት ወር ነው፣ ቀለም ደግሞ ደረቅ ግድግዳ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት ግድግዳውን እዩት፣ ክረምት ላይ የሚላጥ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ የሚላጠው ከስሩ ባለው እርጥበት ነው።

እርጥበቱን ለማወቅ ክንድ የሚያህል ላስቲክ ቁረጡና አራቱንም ጎን በስኮች አጥብቃችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉት፣ አንድ ቀን ከነሌሊቱ ተዉት። ከላስቲኩ ውስጥ በግድግዳው በኩል ጤዛ ከያዘ ውሃው ከግድግዳው ነው የሚመጣው፣ በውጭ በኩል ከሆነ ግን የረጠበው የክፍሉ አየር ነው፣ እሱ መስኮት በመክፈት ይስተካከላል። ከግድግዳው ከሆነ ምንጩን ሳታገኙ ቀለም አትንኩ፣ የቆርቆሮ ሚስማር ላልቶ ይሆናል፣ አሸንዳ ተደፍኖ ይሆናል፣ ከተማው ዳገት ላይ ስለሆነ ደግሞ ከላይ ያለው ግቢ ውሃ ከቤታችሁ ጀርባ እየተኛ ይሆናል፣ እዛ ጋ ትንሽ ቦይ ቆፍሮ ማስወጣት ሁለት ጋሎን ቀለም ከመጨመር ይሻላል። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ከሆነ ቢያንስ 4 ሳምንት ስጡት፣ በዝናብ ከዛም በላይ።

ሻጋታ ካለ በላዩ ላይ ብትቀቡ ተመልሶ ይወጣል። አንድ እጅ በረኪና በሦስት እጅ ውሃ በጥብጣችሁ፣ ጓንት አድርጋችሁ መስኮት ከፍታችሁ እሹት፣ ከዛ በንጹህ ውሃ ታጥቦ ይድረቅ። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም እንዳትቀላቅሉ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ኮርኒስ ላይ ውሃ አንጠባጥቦ ቡናማ ምልክት ከተወ ፕላስቲክ ቀለም አይሸፍነውም፣ ከደረቀ በኋላ እሷን ቦታ ብቻ መጀመሪያ በዘይት ቀለም ንኩት።

ቀቢው ጠዋት ጉሙ ሲገፈፍ 3 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ከሰዓት ዝናቡ ሳይመጣ ቢጨርስ ነው የሚያምረው፣ ፕላስቲክ ቀለም ብርዱ ከ10 ዲግሪ በታች ከወረደ በደንብ አይያያዝም። ፀሐይ ስትወጣ ክፈቱ፣ ጉም ሲመጣ ዝጉ። ጣሳው ላይ ሁለተኛው ዙር ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይቀባል ቢልም እኛ ጋ ለነገ አሳድሩት፣ ኮምቦልቻ ያላችሁ ግን ከኛ በጣም ዝቅ ስለምትሉና ስለሚሞቃችሁ ፀሐይ ካለ በዛው ቀን መድገም ትችላላችሁ።

አደራ የምለው፣ ቶሎ ይድረቅ ብላችሁ ከሰል አቀጣጥላችሁ በርና መስኮት እንዳትዘጉ! ፍሙ ጭስ የሌለው ቢመስልም የሚያወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፣ ሰው እንቅልፍ ላይ እያለ ይገድላል። በተለይ ልጆች እዛ ክፍል እንዳይተኙ።

የጭቃ ቤት ላይ የዘይት ቀለም አትቀቡ፣ እርጥበቱ መውጫ ያጣና እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሳ ይወድቃል፣ ለሱ ኖራ ይሻለዋል ምክንያቱም ግድግዳው ይተነፍሳል። በርና መስኮት ግን የዘይት ቀለም ነው፣ በስሱ ቀቡት፣ ጠርዙ ሳይደርቅ ከዘጋችሁት ይጣበቃል። ዕቃውን ስትመልሱ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁት፣ ሻጋታ መጀመሪያ የሚይዘው አየር የማያገኘውን የቁምሳጥን ጀርባ ነው።