ከቤጂንግ ሻንጋይ በፈጣን ባቡር፦ ትኬት ከመቁረጥ እስከ መውረድ

ቤጂንግንና ሻንጋይን የሚያገናኘው የፈጣን ባቡር ሐዲድ 1,318 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ሥራ የጀመረው ሰኔ 2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2011) ነው። ባቡሩ በሰዓት እስከ 350 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ጥቂት ቦታ ብቻ የሚቆሙት 4 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ገደማ ይፈጅባቸዋል፣ ብዙ ቦታ የሚቆሙት እስከ 6 ሰዓት ይደርሳሉ። አውሮፕላን አየር ላይ የሚቆየው 2 ሰዓት ከምናምን ቢሆንም፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ መሄጃውን፣ ፍተሻውንና መዘግየቱን ስትደምሩት ባቡሩ አይሸነፍም። እኔ በሁለቱ መካከል አማርጡ ብባል ሳላመነታ ባቡሩን ነው።

ባቡሩ ውስጥ ከተቀመጣችሁ በኋላ የሚያስቸግር ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሰው የሚቸገረው ከዚያ በፊት ነው፤ በፓስፖርት፣ በሰዓትና በጣቢያ ስም።

1. ባቡሩንና ጣቢያውን ምረጡ

የባቡሩ ቁጥር በጂ ፊደል የሚጀምር ከሆነ ፈጣኑ ነው። በዲ የሚጀምረው ቀስ ይላል፤ ማታ ተነስተው ጠዋት የሚያደርሱ፣ አልጋ ያላቸውም ከነዚህ ውስጥ አሉ። ለሆቴል ከመክፈል መንገድ ላይ ልተኛ ለሚል ሰው መጥፎ አይደለም።

ጣቢያውን ግን ሁለት ጊዜ አንብቡ። ቤጂንግ በስሟ የሚጠሩ በርካታ ትልልቅ የባቡር ጣቢያዎች አሏት። ወደ ሻንጋይ የሚሄዱት የጂ ባቡሮች ባመዛኙ የሚነሱት ከቤጂንግ ደቡብ ጣቢያ ነው፤ የሚደርሱትም ሻንጋይ ሆንግቺያዎ ነው። ትኬቱ ላይ ስሙ በቻይንኛ አጠራር ስለሚጻፍ «ቤጂንግናን» የሚል ታያላችሁ። መጨረሻው ላይ ናን ካለ ደቡብ፣ ሺ ካለ ምዕራብ፣ ዶንግ ካለ ምሥራቅ፣ ቤይ ካለ ሰሜን ነው። ለታክሲ ሹፌር «ባቡር ጣቢያ» ብቻ ብላችሁ አትሳፈሩ፤ የጣቢያውን ስም በቻይንኛ የተጻፈበትን ስልክ አሳዩት። በከተማው ባቡር ከሆነ የምትሄዱት፣ 4ኛውና 14ኛው መስመር ደቡብ ጣቢያ ሥር ያወርዷችኋል።

2. አካውንት መክፈትና ፓስፖርት ማስመዝገብ

ሰው የሚንቀው፣ በኋላ ግን ዋጋ የሚያስከፍለው ይኼኛው ነው። የወረቀት ትኬት የሚባል ነገር ቀርቷል። ስትገዙ ወንበሩ የሚያያዘው ከፓስፖርት ቁጥራችሁ ጋር ነው፤ መግቢያው ላይ የምታሳዩትም ፓስፖርቱን ራሱን ነው። ስለዚህ የተመዘገበውና በእጃችሁ ያለው በአንድ ፊደል ወይም በአንድ ቁጥር ከተለያዩ፣ ገንዘብ ከፍላችሁም ትኬት የሌለው ሰው ናችሁ።

የመንግሥት የባቡር ድርጅቱ መተግበሪያ 12306 ይባላል። የእንግሊዝኛ ገጽ አለው። በኢሜይል ትመዘገባላችሁ፣ ስማችሁንና የፓስፖርት ቁጥራችሁን ትሞላላችሁ፣ ፎቶ ያለበትን የፓስፖርት ገጽ አንስታችሁ ትልካላችሁ፣ ከዚያ እስኪያረጋግጡ ትጠብቃላችሁ። አንዳንዱ ቶሎ ያልፋል፣ አንዳንዱ ቀናት ይወስድበታል። ስለዚህ የምትጓዙበት ሳምንት ላይ አትጀምሩት። ቻይና ከገባችሁ በኋላም ካላለፈ ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ ጣቢያ ያለ መስኮት ላይ ማስጨረስ ይቻላል።

አሁን ወደ ስም አጻጻፍ እንምጣ። እኛ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን፤ ፓስፖርቱ ግን በሁለት መስመር ከፍሎ ያስቀምጠዋል። ብዙ ሰው እንደ ልማዱ የራሱንና የአባቱን ስም ጽፎ አያቱን ይተዋል። አይሆንም። ሌላው የእንግሊዝኛ አጻጻፋችን ነው፤ አንዱ ሰነድ ላይ በኬ የተጻፈ «ቀ» ሌላው ላይ በኪው ይመጣል። ዲግሪያችሁ ላይ ወይም ባንክ ደብተራችሁ ላይ ያለውን እርሱት፤ ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ብቻ ፊደል በፊደል ገልብጡ። ካመነታችሁ ከፎቶው ገጽ ግርጌ፣ ቀስት መሳይ ምልክት የበዛባቸውን ሁለት መስመሮች እዩ። መሣሪያው የሚያነበው እነሱን ነው። ዜሮን ከኦ ፊደል ለዩ። ትኬት ከገዛችሁ በኋላ ፓስፖርት ካሳደሳችሁ ደግሞ ቁጥሩ ተለውጧልና ትኬቱን መልሳችሁ በአዲሱ ግዙ።

አቋራጭም አለ። ትሪፕ ዶት ኮምን የመሰሉ ድርጅቶች ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ጨምረው ይገዙላችኋል፣ በእንግሊዝኛም ያነጋግሯችኋል። ለአንድ ጉዞ ከሆነ ክፈሉና ተገላገሉ፤ ደጋግማችሁ የምትመላለሱ ከሆነ ግን በ12306 መልመድ ያዋጣል። እኔ የማልወደው ሦስተኛውን መንገድ ነው፤ ለዕቃ ግዢ የሚሄዱ ነጋዴዎቻችን የሚያዘወትሩትን፣ ዊቻት በሚባለው የቻይናውያን የመልእክት መተግበሪያ የፓስፖርት ፎቶ ልኮ «ቁረጥልኝ» ማለትን። ደላላው በችኮላ ሲሞላ አንድ ቁጥር ያዛንፋል፤ መግቢያው ላይ ቆሞ የሚለምነው ግን ተጓዡ ነው። የግድ ከሆነባችሁ ክፍያ ከመላካችሁ በፊት የሞላውን ገጽ ፎቶ አስልኩና ራሳችሁ ከፓስፖርታችሁ ጋር አመሳክሩ።

3. ሰዓቱን አስተካክሉ

መተግበሪያው ላይ ያለው ሁሉ የቤጂንግ ሰዓት ነው፤ ከአዲስ አበባ 5 ሰዓት ይቀድማል። አቆጣጠሩም በ24 ሰዓት ነው። 07፡00 የሚለው ለኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፤ 13፡00 ደግሞ ከቀኑ 7 ሰዓት። አብሯችሁ ለሚጓዝ ሰው በስልክ «ባቡሩ 7 ሰዓት ነው» ካላችሁት፣ ጠዋት በ07፡00 የሄደውን ባቡር እሱ ከምሳ በኋላ መጥቶ ይፈልገዋል። ቻይና እስካላችሁ ድረስ እርስ በርሳችሁም ቢሆን በነሱ አቆጣጠር ተነጋገሩ፤ አለዚያም የትኬቱን ፎቶ ላኩለት።

ትኬት መሸጥ የሚጀምረው ከጉዞው 15 ቀን አስቀድሞ ነው። ሽያጩ ደግሞ በቤጂንግ ሰዓት ከሌሊቱ 01፡00 እስከ 05፡00 ይዘጋል። ይህ ለአዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት መሆኑ ነው፤ ሰው ከሥራ ገብቶ፣ እራቱን በልቶ፣ ስልኩን የሚይዝበት ጊዜ። መተግበሪያው ተበላሸ ብላችሁ አጥፍታችሁ እንደገና አትጫኑት፤ ጠዋት ሞክሩ።

በቻይናውያን አዲስ ዓመት ሰሞን፣ በሠራተኞች ቀን በዓል (በነሱ ሜይ 1) እና ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ባለው የብሔራዊ በዓል ሳምንት ትኬት በሽሚያ ነው የሚያልቀው። ካለቀ መተግበሪያው ላይ ተራ መያዣ አለ፤ ሰው ሲመልስ ለእናንተ ይገዛላችኋል። ቢቻል ግን እነዚያን ቀናት ሽሹ።

4. ወንበር ምረጡና ክፈሉ

ሁለተኛ ማዕረግ እንደ ባቡሩና እንደ ሰዓቱ ብዙውን ጊዜ ከ550 እስከ 660 ዩዋን ገደማ ነው። እሱ በቂ ነው። አንደኛው ሰፋ ይላል እንጂ ቀድሞ አያደርስም፤ ቢዝነስ የሚባለው ዋጋው ከሁለተኛው ሦስት እጥፍ በላይ ስለሆነ መሥሪያ ቤት ለሚከፍልለት ሰው ይሁን።

በሁለተኛ ማዕረግ በአንድ ረድፍ ኤ፣ ቢ፣ ሲ በአንድ ወገን፣ ዲ እና ኤፍ በሌላው ወገን ናቸው። ኢ የሚባል ወንበር የለም። መስኮት የሚወድ ኤ ወይም ኤፍ፣ እግሩን መዘርጋት የሚፈልግ ሲ ወይም ዲ ይበል። ቢ መሐል ነው፤ ሁለት ከሆናችሁ ዲ እና ኤፍን ያዙ።

ለክፍያ የውጭ የባንክ ካርድ አሊፔይ የሚባለው የቻይናውያን የክፍያ መተግበሪያ ላይ አያይዛችሁ መጠቀም ይቻላል፤ ከ200 ዩዋን በላይ ሲሆን 3 በመቶ ይጨምራል። ልጆች ከ6 ዓመት በታች ከሆኑ ወንበር ሳይያዝላቸው፣ ለአንድ አዋቂ አንድ ልጅ፣ በነፃ ይሄዳሉ፤ ከ6 እስከ 14 ዓመት ግማሽ ዋጋ ነው። ሁሉም የራሳቸው ፓስፖርት ያስፈልጋቸዋል።

5. ሻንጣ

ደንቡ ለአንድ አዋቂ 20 ኪሎ፣ ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ ሲደመር ከ130 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ይላል። ለአውሮፕላን የምናስገባው ትልቁ ሻንጣ ከዚህ ያልፋል። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ያሳልፉታል፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ከገበያ በጆንያ ዕቃ ጠቅልሎ ፈጣን ባቡር ላይ ልጫን ማለት ግን ራስን ማድከም ነው፤ ዕቃውን በጭነት አስልኩት።

ኤክስሬይ ላይ የሚያዙት የወጥ ቤት ቢላዋና ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ሽቶ ናቸው። ላይተር ከሁለት አይበልጥም።

6. ጣቢያው ውስጥ

ከመነሻው አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። መጀመሪያ ፓስፖርትና ዕቃ ይፈተሻል። ከዚያ ትልቁ ሰሌዳ ላይ የባቡሩን ቁጥር ፈልጉ፤ አጠገቡ የበሩን ቁጥር ይጽፋል። 12ኤ እና 12ቢ ቢል ሁለቱም ወደ አንድ ባቡር የሚያወርዱ በሮች ናቸው፤ አንደኛው ለፊተኞቹ፣ ሁለተኛው ለኋለኞቹ ፉርጎዎች ይቀርባል።

በሩ የሚከፈተው ከመነሻው 15 ወይም 20 ደቂቃ ሲቀረው ነው። ቻይናውያኑ መታወቂያቸውን ማሽኑ ላይ ለጠፍ አድርገው ያልፋሉ። የውጭ ፓስፖርት የሚያነቡ ማሽኖች አሉ፣ የማያነቡም አሉ፤ ካላነበበላችሁ ከዳር ሠራተኛ የቆመበት መተላለፊያ አለ። እኔ ማሽኑን ሳልሞክር በቀጥታ ወደዚያ ነው የምሄደው፤ ከኋላ የተሰለፈ ሰው እየገፋ ፓስፖርት ማገላበጥ አይመቸኝም። በሩ ባቡሩ ሊነሳ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ይዘጋል። ባቡሩ ቆሞ እያያችሁትም ቢሆን አይከፍቱላችሁም።

ካመለጣችሁ ወደ ትኬት መስኮቱ ሂዱና በዚያው ቀን ወደሚሄድ ሌላ ባቡር አስለውጡ። ባቡሩ ከሄደ በኋላ ገንዘብ ማስመለስ ስለማይቻል በአካውንቱ «ተመላሽ» የሚለውን ስትፈልጉ ጊዜ አትግደሉ። ቀድማችሁ የምትሰርዙ ከሆነ ከ8 ቀን በላይ ሲቀረው ቅጣት የለም፤ ከዚያ በኋላ 5 በመቶ፣ ለመነሻው ከ48 ሰዓት በታች ሲቀረው 10 በመቶ፣ ከ24 ሰዓት በታች ሲቀረው 20 በመቶ ይቆረጣል።

7. በትክክለኛው ፉርጎ ግቡ

የፉርጎው ቁጥር መሬቱ ላይ ተቀብቷል፤ እዚያ ቁሙ። «ዝም ብዬ ልግባና በውስጥ እሄዳለሁ» የሚለው ብልሃት እዚህ አያዋጣም። አንዳንዱ ባለ 16 ፉርጎ ባቡር በእውነቱ ባለ 8 ፉርጎ ሁለት ባቡር አፍንጫ ለአፍንጫ ተያይዞ ነው፤ ከ8ኛው ወደ 9ኛው በውስጥ መተላለፊያ የለም። አንድ ወዳጄ ወንበሩ 12ኛው ላይ ሆኖ በ3ኛው ገባ። አስተናጋጇ ጣቷን ወደ ውጭ እየጠቆመች ስታስረዳው፣ እሱ «በዚህ በኩል» እያለ ወደ ፊት ሲጠቁም፣ ባቡሩ ተነሳ። ሻንጣውን በጉልበቱ ይዞ በሩ አጠገብ ቆሞ ቀጣዩ ጣቢያ ደረሰና፣ ባለችው ሁለት ደቂቃ ሻንጣውን እየጎተተ ፕላትፎርሙን ሮጠ። ደረሰ፤ ላቡ ግን እስከ ናንጂንግ አልደረቀም።

8. መንገድ ላይ

ትልቅ ሻንጣ ከፉርጎው ጫፍ ባለው መደርደሪያ ወይም ከመጨረሻው ረድፍ ወንበር ጀርባ ይገባል፤ ቀድሞ የገባ ይይዘዋል። የፈላ ውሃ በየፉርጎው በነፃ ስላለ ሻይ ቅጠልና ኩባያ ያዙ። ሲጋራ ሽንት ቤት ውስጥም ቢሆን አይሞከርም፦ ጭስ ጠቋሚው ባቡሩን ያዘገየዋል፣ ቅጣት አለው፣ ለ180 ቀን ትኬት እንዳትገዙም ያግዳል። ከናንጂንግ አልፋችሁ ሻንጋይ ስትቃረቡ ለረጅም ጊዜ መሬት የማይነካ መንገድ ላይ ትሄዳላችሁ፤ ዳንያንግ ኩንሻን የሚባለው ድልድይ ነው፣ ወደ 165 ኪሎ ሜትር ይረዝማል።

9. ሆንግቺያዎ ስትደርሱ

ፓስፖርቱን ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት፤ መውጫው ላይም ይጠየቃል። ሆንግቺያዎ ጣቢያ ከሆንግቺያዎ አውሮፕላን ማረፊያ ጋር የተጎራበተ ስለሆነ፣ ከዚያ ቀጥሎ በረራ ያለው ሰው ደረስኩ ብሎ ይዝናናል። ወደ አዲስ አበባ የሚነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ግን ያለው ከከተማው ወዲያ ማዶ ፑዶንግ ነው። ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ሁለቱን አውሮፕላን ማረፊያዎች የሚያገናኝ ባቡር ተከፍቷል፤ 40 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፣ የሚነሳውም ከሆንግቺያዎ ተርሚናል 2 ነው። የከተማው ባቡር 2ኛ መስመርም ያደርሳል፣ ግን በየጣቢያው እየቆመ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል። በዚያው ቀን የምትበሩ ከሆነ፣ ባቡሩ ሆንግቺያዎ ከሚደርስበት እስከ በረራው ቢያንስ 5 ሰዓት ክፍተት ያለውን ትኬት ቁረጡ።