«መናፍቅ» ሲባል ስትሰሙ ምን ትጠይቃላችሁ?

ቲክቶክ ላይ የሃይማኖት ክርክር ከፍታችሁ ትንሽ ብትቆዩ «መናፍቅ» የሚለው ቃል ሳይወረወር አያልፍም። ብዙ ጊዜ «ከእኔ ጋር አይስማማም» ከማለት ያለፈ ትርጉም የለውም። ግን የራሱ መለኪያ ያለው ቃል ነው፤ ሲያጋጥማችሁ እንዲህ መርምሩት።

መጀመሪያ ከጎረቤቶቹ ለዩት። ከሃዲ እምነቱን ጭራሽ የተወ ነው። አረማዊ ደግሞ ድሮውንም እዚያ እምነት ውስጥ አልነበረም። መናፍቅ ግን የውስጥ ሰው ነው፤ ይጸልያል፣ ይጾማል፣ ያንኑ መጽሐፍ ይጠቅሳል፣ አንዱን ዋና ትምህርት ግን በራሱ መንገድ ይፈታና አልለቅም ይላል። ግእዙም ወደዚሁ ይመራል። «መንፈቅ» ግማሽ ነው፣ መንፈቀ ሌሊት እንደምንለው፤ መናፍቅም ግማሹን አምኖ ግማሹን የሚጠራጠር ተብሎ ይፈታል። (ቁርኣን ውስጥ ያለው «ሙናፊቅ» ከዚሁ ከግእዙ የተወሰደ ነው የሚሉ የቋንቋ ሊቃውንት አሉ፤ እዚያ ግን ትርጉሙ ወደ አስመሳይ ያዘነብላል።) ስለዚህ ቡድሂስቱን «መናፍቅ» የሚል ሰው ካገኛችሁ ቃሉን አያውቀውም፣ እለፉት።

ቀጥሎ ወደ ግሪኩ ሂዱ። አውሮፓውያን ለኑፋቄ የሚሉት ቃል የመጣው «ሃይሬሲስ» ከሚለው ነው፤ ምርጫ ማለት ነው። ስድብ አልነበረም። አንድ ሰው የመረጠው የፍልስፍና ጎራ ሃይሬሲስ ይባል ነበር። የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፍም ፈሪሳውያንን፣ ሰዱቃውያንንና ኤሴናውያንን የጠራው በዚሁ ቃል ነው፤ ማንንም ለማንቋሸሽ ብሎ አይደለም።

ይህን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ መጽሐፍ ቅዱሳችሁን አውጡና የሐዋርያት ሥራ 5፥17ን ከ24፥14 ጋር አስተያዩ። መጀመሪያው ላይ «የሰዱቃውያን ወገን» ይላል። ሁለተኛው ላይ ጳውሎስ በገዢው በፊልክስ ፊት ቆሞ፣ እነርሱ «ኑፋቄ» ብለው በሚጠሩት መንገድ የአባቶቼን አምላክ አመልካለሁ ይላል። ግሪኩ ሁለቱም ቦታ ሃይሬሲስ ነው! ተርጓሚዎቹ አልተሳሳቱም፤ ከሳሾቹ ቃሉን ሲያነሱ ድምፃቸው ተቀይሯል። ልብ በሉ፣ እዚህ ጋ በኑፋቄ የተከሰሰው ክርስትናው ራሱ ነው።

ቃሉ በክርስቲያኖች እጅ እየከረረ የሄደው ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ180 ገደማ የሊዮኑ ኢሬኔዎስ በመናፍቃን ላይ ረጅም መጽሐፍ ሲጽፍ መሣሪያው ብዕር ብቻ ነበር። በ380 የሮም ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ በኒቅያ ጉባኤ የጸናውን እምነት የመንግሥት ሃይማኖት አደረገው። ከዚያ አምስት ዓመት ገደማ ቆይቶ ጵርስቅልያኖስ የሚባል የስፔን ጳጳስ ትሪር ላይ ተገደለ። ክሱ ላይ የተጻፈው ጥንቆላ ነበር፤ ነገሩ የጀመረው ግን በኑፋቄ ነው።

ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ያኔ ሥልጣኑ በማን እጅ ነበር? አርዮስ ወልድ ፍጡር ነው ብሎ በ325 ኒቅያ ላይ ተወገዘ። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ ሰው የማያስታውሰው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። የሮሙ ንጉሥ ቆስጠንጢዮስ ወደ አርዮሳውያኑ አዘነበለ፤ የአርዮስ ተቃዋሚ የነበረው የእስክንድርያው ጳጳስ አትናቴዎስም በተለያዩ ነገሥታት ዘመን ከመንበሩ እየተባረረ አምስት ጊዜ ተሰደደ። ይባስ ብሎ ንጉሡ በ356 ገደማ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ፤ ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ ላኩት፣ እዚያ ያለው ጳጳስ እምነቱን ይመርምረው ብሎ። ፍሬምናጦስ ማለት የኛው አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ናቸው። ጥፋታቸው? ጵጵስናውን የሰጣቸው አትናቴዎስ መሆኑ። እንግዲህ በዚያ ሰሞን የቤተ መንግሥቱን ወሬ ብቻ የሰማ ሰው ተጠርጣሪው አባ ሰላማ ነው የሚመስለው።

ይህ የውጭ ሰው ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜም እንደ እሑድ ሰንበት ነው በማለታቸው ተገፍተው ከአገር ወጡ፣ በ1352 አርመን ውስጥ አረፉ። ተከታዮቻቸውም ተወግዘው ክህነት ተከለከሉ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1450፣ ዘርዓ ያዕቆብ ደብረ ምጥማቅ ላይ ጉባኤ ጠራና ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። ያው ንጉሥ ግን ደቂቀ እስጢፋኖስን፣ ማለትም የአባ እስጢፋኖስን ተከታይ መነኮሳት፣ አልማራቸውም።

ሌላው ጥያቄ «የትኛው ትምህርት?» ነው። በወጉ ከሄድን ጥርጣሬ ያደረበት ወይም የጠየቀ ሰው ሁሉ መናፍቅ አይባልም። ቲቶ 3፥10 እንኳ አንዴም ሁለቴም ገሥጸው፣ ከዚያ ራቀው ነው የሚለው። ተነግሮት፣ ተመክሮ፣ አሻፈረኝ ያለ መሆን አለበት። «መናፍቅ» ያለው ሰውዬ ትምህርቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተው ስድብ እንጂ ክስ አልያዘም።

በመጨረሻ፣ ከ451 በኋላ የተጻፈ ነገር ስታነቡ ጸሐፊው በዚያ ዓመት ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የወሰነውን የኬልቄዶንን ጉባኤ ይቀበል እንደሆነ አስቀድማችሁ እዩ። የሚቀበል ከሆነ የእስክንድርያው ዲዮስቆሮስ የተሻረ ጳጳስ ነው፣ እኛም ከነግብፆቹ መናፍቃን ነን። የማይቀበል ከሆነ ዲዮስቆሮስ ቅዱስ ነው፣ ተወጋዡ የሮሙ ጳጳስ ልዮን ነው፣ ጉባኤውም በኛዎቹ አፍ «ጉባኤ ከለባት»፣ የውሾች ጉባኤ፣ ነው። ይህን ካላያችሁ ሁለት መጻሕፍት ስለ አንድ ሰው ሲያወሩ ስለ ሁለት ሰው የሚያወሩ ይመስላችኋል።