ለጣርማ በር ቁልቁለት የሚበቃ ላንድክሩዘር፦ የአሮጌ መኪና ሞተርና ባሌስትራ አቀያየር

ቶዮታ ኤፍጄ 40 የተባለውን ላንድክሩዘር ከ1960 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. አምርቶታል። መጀመሪያ 3.9 ሊትር፣ ከ1975 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ 4.2 ሊትር የሆነ ባለ ስድስት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ተገጥሞለት የወጣው ይህ መኪና፣ ሻንሲው (የብረት አጽሙ) ካልዛገ በቀር በእርጅና የሚሸነፍ አይደለም። ባለቤቱን የሚያሸንፈው የቤንዚን ወጪው ነው፤ በሰሜን ሸዋ ደጋ ሸራ ለብሰው ግቢ ውስጥ ቆመው ያየኋቸው ሁሉ የቆሙት በዚሁ ምክንያት ነበር። እንዲህ ያለውን መኪና በናፍጣ ሞተርና በተሻለ ባሌስትራ (መኪናውን በአክስሉ ላይ በሚሸከመው የብረት ቅጠል) ወደ መንገድ መመለስ ይቻላል። ሥራው ግን ቅደም ተከተል አለው፤ እኔም ከብዙዎች ልማድ በተለየ ሁኔታ ከሞተሩ ሳይሆን ከፍሬኑ እንዲጀመር አጥብቄ እመክራለሁ።

ምክንያቴ የምንኖርበት አገር ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ ሸዋ ሮቢት ግን ወደ 1,280 ሜትር ዝቅ ብላ በቆላው ተቀምጣለች። ከጣርማ በር ዋሻ አፍ ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ሸዋ ሮቢት የሚደርስ መኪና ቢያንስ 1,800 ሜትር ወደ ታች ይወርዳል። ከነጭነቱ 2,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና ይህን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 130 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይህ ሁሉ ሙቀት በሞተሩ፣ በነፋሱና በፍሬኑ መካከል ይከፋፈላል፤ ማርሽ ያልቀነሰ ሾፌር ድርሻውን ሁሉ ለፍሬኑ ይተወዋል። የናፍጣ ሞተር ደግሞ እንደ ቤንዚኑ የአየር መግቢያውን የሚዘጋ ክዳን ስለሌለው፣ እግር ከነዳጅ ሲነሣ መኪናውን የመያዝ አቅሙ ያንሳል። እንግዲህ ሞተሩን ወደ ናፍጣ የለወጠ ሰው በቁልቁለት ላይ ከቀድሞው የበለጠ ፍሬን ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ከፍሬኑም አስቀድሞ ግን ሻንሲው ይመርመር። መኪናውን ከፍ አድርጎ በማቆም፣ ጭቃውን በሚገባ አጥቦ፣ በተለይ የኋላ ባሌስትራ የሚንጠለጠልባቸውን ቦታዎችና የመሪው ሳጥን የታሰረበትን የሻንሲ ክፍል በትንሽ መዶሻ እየመቱ ማዳመጥ ያስፈልጋል፤ ጤናማ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የዛገው ግን ይደነቁራል። በመሪው ሳጥን ዙሪያ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ከተገኘ፣ ስንጥቁ ተበይዶና በደጋፊ ብረት ተጠናክሮ ሳያልቅ ሌላ ሥራ መጀመር ገንዘብ ማባከን ነው። በዚሁ ጊዜ የወረቀቱንም ጉዳይ መጀመር ተገቢ ነው። የሞተር ቁጥር በሊብሬው ላይ የሚጻፍ በመሆኑ፣ የሚገዛው ሞተር የጉምሩክ ዲክላራሲዮንና የሽያጭ ውል ሊኖረው ይገባል፤ ቁጥሩ የተፋቀ ወይም ወረቀት የሌለው ሞተር በምንም ዋጋ ቢቀርብ አይገዛ። የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ለሞተር ለውጥ ምን እንደሚጠይቅ ከግዢው በፊት ሄዶ መጠየቅ ኋላ ከሚመጣ እንግልት ያድናል።

ወደ ፍሬኑ ስንመጣ፣ የቀደሙት ኤፍጄ 40 መኪኖች በአራቱም ጎማ ታምቡር፣ ማለትም ሸራው ከውስጥ ተጭኖ የሚያቆመው ክብ ብረት፣ ነበራቸው። ታምቡር ሲግል ስለሚሰፋ ከሸራው ይርቃል፤ ፔዳሉም ወደ ታች ይሰምጣል። ስለዚህ የፊተኛውን በዲስክ መተካት የዚህ ሥራ ዋነኛ ክፍል ነው። ከኋላ ዘመን ባለ ዲስክ 40 ወይም ከ60 ተከታታይ ላንድክሩዘር የተፈታ ሙሉ የፊት ክፍል ከተገኘ ሥራው በእጅጉ ይቀልላል። ከፔዳሉ ዘይቱን የሚገፋው ማስተር ሲሊንደር ግን ከዲስኩ ጋር አብሮ መቀየር አለበት፤ የዲስክ ፒስቶኖች ከታምቡሩ ይልቅ ብዙ ዘይት ስለሚፈልጉ አሮጌው ሲሊንደር አይበቃቸውም። በተጨማሪም ለታምቡር ተብሎ ግፊት አስቀርቶ የሚይዘው ትንሽ ቫልቭ በዲስኩ መስመር ላይ ከቀረ ዲስኩን የሚጨብጠው ፓድ ሳይላቀቅ እየጋለ ይሄዳል። የፍሬን ዘይቱ ዶት 4 ቢሆን ይመረጣል፤ አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ በፊት የማይፈላ ሲሆን ዶት 3 ግን በ205 ይፈላል። ሁለቱም እርጥበት ከአየር ስለሚስቡ የሚፈሉበት ዲግሪ በየጊዜው ይወርዳል፤ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ መለወጥ የሚገባውም ለዚህ ነው።

ከፍሬኑ ቀጥሎ ባሌስትራው ይሠራል። የድሮው ባሌስትራ ብዙ ስስ ቅጠሎች ተደራርበው የተሠሩ ሲሆን፣ ቅጠሎቹ በመካከላቸው ዝገትና አቧራ ይዘው እርስ በርስ ሲፋተጉ መኪናው ድንጋይ በረገጠ ቁጥር ተሳፋሪውን ይቀጠቅጡታል። በዘመናዊው አሠራር ቅጠሎቹ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ሆነው፣ መሐላቸው ወፍራም ጫፋቸው እየሳሳ የሚሄድና እርስ በርስ ሳይነካኩ የሚሠሩ ናቸው። በጠጠር መንገድ ላይ ልዩነቱ በመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ይታወቃል። እንዲህ ያለው ካልተገኘ ግን አሮጌውን ፈትቶ፣ እያንዳንዱን ቅጠል አጽድቶ፣ የተሰበረውን ተክቶና ግራሶ ቀብቶ መመለስም ብዙ ለውጥ ያመጣል። ሞላ ያለው ዘመናዊ አክስል ለመግጠም ሻንሲውን መቁረጥ የሚያስቡ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልመክረውም። ልኩ በሚሊሜትር ያልተጠበቀ ብየዳ መኪናውን ወደ አንድ ጎን ሲስበው ይኖራል፤ ባሌስትራ ደግሞ በየትኛውም የገጠር ከተማ ይጠገናል።

መኪናውን ከፍ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ከ5 ሳንቲ ሜትር ባያልፍ መልካም ነው። ረዥም ማንጠልጠያ ብቻ ጨምሮ ፊቱን ማንሣት አክስሉን ስለሚያዞረው መሪው በራሱ ወደ መሐል መመለሱን ያቆማል፤ ሾፌሩም በቀጥተኛ መንገድ ላይ ሳይቀር መሪ ሲያስተካክል ይውላል። ይህ የሚስተካከለው በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል በሚገባ ሽብልቅ ብረት ነው። ከፍታ ሲጨመር የፍሬኑ ጎማ ቱቦም መርዘም አለበት፤ አክስሉ ሙሉ በሙሉ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ቱቦው እንዳልተወጠረ በዓይን ሳይታይ መኪናው ከጋራዥ አይውጣ። የሾክ አብዞርበሩም ርዝመት እንዲሁ ባሌስትራው ተጨፍልቆም ተንጠልጥሎም ይለካል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚፈጸም ስሕተት አለ። የባሌስትራው የጎማ ቡሾች ማሰሪያ ዳዶ መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ እያለ ከጠበቀ፣ መኪናው ሲወርድ ቡሹ ተጠማዝዞ ይቀራል፤ በጥቂት ወራትም ይቀደዳል። ትክክለኛው አሠራር ዳዶውን ልል አድርጎ፣ መኪናውን በጎማው አቁሞ፣ ጥቂት ካወዛወዙት በኋላ ማጥበቅ ነው። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት የዩ ቅርጽ ቡሎኖች አንዴ ከተፈቱ በኋላ ስለሚሳቡ በአዲስ ይተኩ፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላም እንደገና ይጥበቁ።

አሁን ሞተሩ። በእኔ ግምት ለዚህ መኪና ከሁሉ የሚስማማው በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው 1ኤችዜድ የተባለው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ነው። መጠኑ 4,164 ሲሲ ሲሆን ስድስት ሲሊንደር አለው፤ ናፍጣ የሚረጨው ፖምፓ በሜካኒክ የሚሠራ በመሆኑ ኮምፒውተር አይፈልግም፤ ኃይሉ በዘመኑና በገበያው ቢለያይም 130 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ነው። ይህ ቁጥር ከአሮጌው 4.2 ሊትር ቤንዚን ሞተር ብዙ የማይበልጥ መሆኑን አንባቢ አስቀድሞ ይወቅ። ጥቅሙ ፍጥነት ሳይሆን የነዳጅ ቁጠባና ዕድሜ ነው። በደብረ ብርሃን ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ሁሉ ጉልበቱን በዚያው ልክ ያጣል፤ 130 ተብሎ የተገዛው ወደ 100 ገደማ ይወርዳል። ለቆላ የተስተካከለ ፖምፓ ለዚህ ስስ አየር ከሚገባው በላይ ናፍጣ ስለሚረጭ ጥቁር ጭስ ይታያል። ፖምፓው የከፍታ ማስተካከያ ያለው ከሆነ እሰየው፤ ከሌለው በፖምፓ ቤት መጠኑ ጥቂት ይቀነስ። ጭሱን እንደ ጉልበት ምልክት የሚያዩ ሾፌሮች አሉ፤ ጭሱ ግን ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው።

በዚህ ምክንያት ተርቦ የሚመኝ ሰው 1ኤችዜድ ላይ ተርቦ ከማስገጠም ይልቅ ከፋብሪካው በተርቦ የተሠራውን 1ኤችዲ-ቲ ቢፈልግ ይሻላል፤ የእርሱ ፒስቶኖች ከሥር ዘይት እየተረጨባቸው እንዲቀዘቅዙ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። የቀደሙት 1ኤችዲ-ቲ ሞተሮች የቢዬላ ብሮንዚና (የፒስቶኑ ዘንግ የሚዞርበት ስስ ብረት) ቶሎ የመጎዳት ችግር ስለነበረባቸው፣ ከመግጠም በፊት ኮፓው (የሞተሩ የዘይት ገንዳ) ተፈትቶ ብሮንዚናው ይቀየር።

ያገለገለ ሞተር ሲገዛ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ግፊት በመለኪያ ይፈተሽ። በደብረ ብርሃን የሚነበበው ቁጥር በአየሩ መሳሳት የተነሣ ከፋብሪካው መጽሐፍ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ይበልጥ መታየት ያለበት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። አንዱ ከሌሎቹ ጎልቶ ካነሰ ሞተሩ ይቅር። ሞተሩ መሬት ላይ እያለ የታይሚንግ ቺንጋውን፣ የውሃ ፓምፑን፣ ቴርሞስታቱንና የኋለኛውን የዘይት መከላከያ መለወጥ ይገባል። ቺንጋው በ100,000 ኪሎ ሜትር የሚቀየር ሲሆን፣ ቢበጠስ ቫልቮቹ ከፒስቶን ይጋጫሉ፤ የቀድሞው ባለቤት በቅርቡ ቀይሬዋለሁ ቢልም በቃሉ ብቻ መታመን አይገባም።

ሞተሩን ከነካምቢዮው (ከነማርሽ ሳጥኑ) መግዛት ብዙ ድካም ይቀንሳል። ከ1ኤችዜድ ጋር በ70 ተከታታይ ላንድክሩዘሮች የተገጠመው ባለ አምስት ማርሹ ኤች55ኤፍ ለዚህ ሥራ ተመራጭ ነው። ሞተሩን በቦታው በጊዜያዊነት አንጠልጥሎ፣ የፊት አክስሉ ባሌስትራው እስከ መጨረሻው ሲጨፈለቅ ኮፓውን እንዳይነካ፣ ፋኑም ከራዲያተሩ እንዲርቅ ካረጋገጡ በኋላ ነው ሱፖርቶዎቹ (የሞተሩ መያዣዎች) የሚበየዱት። የፊትና የኋላ ትራንስሚሽን ዘንጎች በአዲሱ ርዝመት በቶርኖ ቤት ተስተካክለው ሚዛናቸው ይጠበቅ። የዲፈረንሲያሉን ጥርስ ልክ ለማወቅ ማርሹን ነጻ አድርጎ፣ አንዱን የኋላ ጎማ መሬት ላይ ትቶ ሌላውን በክሪክ አንሥቶ ሁለት ሙሉ ዙር ማዞርና ዘንጉ የዞረውን መቁጠር ይበቃል፤ ከአራት ዙር ጥቂት ካለፈ 4.11፣ አራት ሳይሞላ ከቀረ 3.70 ነው። ለአገራችን ዳገት 4.11 ይሻላል፤ የፊቱም ከኋላው ጋር አንድ መሆን ግዴታው ነው።

አሁን የምናገረው በራሴ ላይ ስለደረሰ በጥብቅ እንዲያዝልኝ እፈልጋለሁ። የቤንዚን ሞተር ለፍሬኑ ሰርቮ (የእግርን ግፊት ለሚያግዘው ክፍል) የሚያስፈልገውን ቫኪዩም፣ ማለትም የመሳብ ኃይል፣ ከአየር መግቢያው ይሰጣል፤ የናፍጣ ሞተር ግን ይህ ስለሌለው በዲናሞው ጀርባ የተገጠመ የቫኪዩም ፓምፕ አለው። እኔ መጀመሪያ ባሠራሁት መኪና ፓምፑ በትክክል ተገጥሞ ሳለ፣ ከእርሱ ወደ ሰርቮው የሚሄደው ቱቦ ተራ የውሃ ጎማ ነበር። ጎማው በሞተሩ ሙቀት ለስልሶ በመሳቡ ኃይል ተጣበቀ፤ ከዋሻው ወርጄ ወደ ደብረ ሲና ስቃረብ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ደነደነ። በሁለተኛ ማርሽና በእጅ ፍሬን እየተረዳሁ ዳር ይዤ ቆምኩ። የሚገጠመው በውስጡ ክር ያለው፣ ለቫኪዩም የተሠራ ቱቦ ብቻ ይሁን፤ አንድ ወገን ብቻ የሚያሳልፈው ቫልቭም አይረሳ። ፈተናው ቀላል ነው፦ ሞተሩ ተነሥቶ ከጠፋ በኋላ ፔዳሉ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ለስልሶ መረገጥ አለበት።

ነዳጅን በተመለከተ፣ የቤንዚኑ ታንክ ወርዶ በሚገባ ይታጠባል፤ ከፖምፓው የሚተርፈው ናፍጣ የሚመለስበት መስመር ይጨመርለታል፤ ውሃ የሚለይ ፊልትሮም ይገጠማል። በኤሌክትሪኩ በኩል የሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው)፣ የዲናሞውና የካንዴሌታው (ሲሊንደሩን አስቀድሞ የሚያሞቀው) ቮልት ከመኪናው ጋር አንድ መሆኑ ይረጋገጥ፤ ለጃፓን ገበያ ከተሠሩት መካከል ባለ 24 ቮልት ይገኛሉና። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ማለዳ ደብረ ብርሃን ላይ ካንዴሌታው ያልሠራ ናፍጣ ሞተር እንደማይነሣ ለአገሬው መንገር አያስፈልግም።

የራዲያተሩ ክዳን ከዋጋው በላይ ትኩረት ይገባዋል። በደብረ ብርሃን ክፍት ውሃ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ይህም ጤናማ ሞተር ከሚሠራበት ሙቀት ብዙም አይርቅም። 0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ጤናማ ክዳን ይህን ወደ 113 ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል፤ ላስቲኩ ያረጀ ክዳን ግን በደጋው ላይ ራዲያተሩ እየፈላ እንዲተፋ ያደርጋል። ኩላንቱም ግማሽ በግማሽ ይደባለቅ፤ ከመፍላትም፣ ከዝገትም፣ ከውርጭም ይጠብቃል።

የመጀመሪያው ሙከራ ያለ ጭነት፣ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር መካከል ባለው መንገድ ይሁን፤ በመመለሻውም ዘይት፣ ውሃና ናፍጣ የሚያንጠባጥብ ቦታ በእጅ ባትሪ እየተፈለገ ይታይ። ከ500 ኪሎ ሜትርና ከጥብቂያው በኋላ ነው ቁልቁለቱ የሚሞከረው፤ ያም በሦስተኛ ማርሽ፣ ከበደም በሁለተኛ፣ ፍሬኑን በአጭር በአጭሩ እየረገጡ። ደብረ ሲና ሲደረስ መኪናውን አቁሞ እጅን ሳያስነኩ ወደ እያንዳንዱ ጎማ ማዕከል ማስጠጋት ነው፤ ከአራቱ አንዱ ከተጓዳኙ ይልቅ የሚያቃጥል ከሆነ በዚያ ጎማ ላይ የተያዘ ፒስቶን ወይም የጠበቀ ኩሽኔታ (የጎማው መዞሪያ) አለ፤ እርሱ ሳይፈታ ወደ ሸዋ ሮቢት መቀጠል አይገባም።